ከየኔታ በታች አንድ ስንዝር

ባለፈው በጋ ልጄ ከገበያ የላስቲክ ወንበር ገዝታ አመጣችልኝ። «አባባ፣ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይብቃህ፤ እንግዲህ አረፍ በል» አለችኝ። ወንበሩ ደኅና ነው፤ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን የኛ ከተማ ንፋስ መውጫ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ውኃ ልጠጣ ገባ ብዬ ስመለስ ወንበሬ የለም። ንፋሱ አንሥቶ ከጎረቤት ጎመን መሐል አጋድሞታል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አገሬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና «አያ ስንሻው፣ ወንበርዎ ሊጠይቀን መጥቷል፤ ቁጭ በል ልበለው?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

መዶሻዬን ለሰው ከሰጠሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈቷል። ሐሳቤ ግን እየተነሣ ይሄዳል። ፊደል የቆጠርሁት ከአንድ ቄስ ዘንድ ነው፤ ጽሑፍን ያጠናከርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የሚያነብ ሰው ስሕተቴን እያለፈ ያንብብልኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በሰው ጓሮ መቀመጫ ስሠራ ነው። ቤት የሚሠራ ብዙ አለ። ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ከዛፉ ሥር ደገፍ ብሎ፣ ጎመኑንና ጌሾውን እያየ የሚያርፍበትን መደብ የሚሠራ ግን በኛ አገር ጥቂት ነበር። ያንን ሥራ ያስተማሩኝ አያ ቢምረው ናቸው።

በደርግ ጊዜ በአውራጃው ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአትክልተኛነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ፊርማው ብዙ ነበር፤ እሱን እንለፈው። አያ ቢምረው የመሥሪያ ቤቱ ግንበኛ ነበሩ፤ እኔም ረዳታቸው ሆንሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ከምድጃ አመድ በጨርቅ ቋጥረው የሚይዙ ሰው። መጀመሪያ ሳያቸው ለመድኃኒት መስሎኝ ነበር።

መቀመጫ ሊሠሩ ከሰው ግቢ ሲገቡ ወደ ድንጋዩ አይሄዱም። አቀርቅረው መሬቱን ያያሉ። ሣሩ የተረገጠበትን፣ አፈሩ ለስልሶ ጎድጎድ ያለበትን ይፈልጋሉ። «የቤቱ ሰው መቀመጫውን ድሮ መርጦታል፤ እኔ የምጨምርለት መደገፊያውን ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠዋትም ቀትርም አመሻሽም ይቀመጣሉ። በመሐሉ ከአመዱ ቆንጠር አድርገው ይለቁታል፤ ወዴት እንደሄደ ያያሉ። ንፋሱን በየሰዓቱ የሚያውቁት በዚህ ነበር። የቤቱ ሰው «ይኼ ሽማግሌ ሊሠራ ነው ሊኖር የመጣው?» እያለ ይስቃል።

ልኩን የሚወስዱት በሸምበቆ ነው። ከቤቱ ሰው ሁሉ በዕድሜ የገፋውን አስቀምጠው ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ ይለካሉ። «ወጣት የትም ይቀመጣል» ይላሉ። መደቡን ከፊት ትንሽ ከፍ፣ ከኋላ ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል፤ ሰው ወደፊት እንዳይንሸራተት። ድንጋይ የሌሊቱን ብርድ እስከ ረፋድ ይዞ ስለሚቆይ ራቁቱን አይተዉትም። ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር የተረገጠና የቦካ ጭቃ ያለብሱታል፤ ላዩን በእበት ይለቀልቁታል። ከመደቡ ጀርባ፣ ከታች፣ ለክረምት ውኃ ማምለጫ ቀዳዳ ይተዋሉ። እጅ በሚያርፍበት በኩል ደግሞ ጤና አዳም ይተክላሉ፤ ሰው ሳያስበው እየዳሰሰ ሽታው እንዲደርሰው።

መደገፊያው ጋደል ማለቱ ደኅና መሆኑን የሚያውቁት በእኔ ነበር። «ተቀመጥ፤ ዓይንህን ጨፍን። እንቅልፍ ካልወሰደህ እናፈርሰዋለን» ይሉኛል። አንድ ቀን በእውነት ጭልጥ አልሁ። ስነቃ ኃላፊያችን ጓድ አስናቀ ከፊቴ ቆመዋል።

«ይኼ ሰው በሥራ ሰዓት ይተኛል?»

«እየለካ ነው ጓድ» አሉ አያ ቢምረው፣ ቀና ሳይሉ።

ጓድ አስናቀ ወጣት ነበሩ፤ ችኩል፣ ግን ክፉ ያልሆኑ። ለመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ መቀመጫ እንድንሠራ አዘዙን። «ክብ ይሁን። ሁሉም እኩል! ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ አልፈልግም። ያ ዘመን አልፏል።»

«በማን እግር ልለካው?» አሉ አያ ቢምረው።

«በሁሉም!»

«የሁሉም እግር እኩል ነው?»

ጓድ አስናቀ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኛም ክቡን ሠራነው። እውነቱን ለመናገር ሲያልቅ እንደ ቀለበት ያምር ነበር። አጭር እንግዳ የመጣ ጊዜ እግሩ ይንጠለጠላል እንጂ ሌላ እንከን አልነበረውም። እኔ በጣም ወደድሁት። አያ ቢምረው አንድ ጊዜ ዞረው አዩት፤ አመዳቸውን ቋጥረው ሄዱ።

በኋላ ዘመን ብቻዬን ብዙ ቦታ ተላክሁ። አርብ ገበያ ለአንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጓሮ ሠራሁ፤ ገበያ ቀን ከሩቅ በእግር የመጡ በሽተኞች እዚያ ነበር የሚያርፉት። እስቴ ለአንድ መምህር ከዋንዛ ሥር ሠራሁለት። ጥላው መልካም ነበር፤ ፍሬው ሲበስል ግን የአገሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ላይ ሰፈረ፤ የሚስቱ ነጠላ ተበላሸ። መምህሩ ሲያገኘኝ «ስንሻው፣ መቀመጫው ለኛ ነበር ወይስ ለወፎቹ?» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ነው ዛፍ የለየሁት። ባሕር ዛፍ ሥር ሰው አይቀመጥም፤ ወይራ ሥር ግን ይቀመጣል፤ ጥላው አይከብድም።

አሁን ከዚያ ሁሉ በፊት ወደሆነው፣ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ የገበያ ቀን ቢጫ ቆብ ያደረጉ መነኩሲት ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ። እማሆይ ጥሩ ይባላሉ፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለች አንዲት ደብር ነው የመጡት። ወንድማቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። የኔታ ከገደል አፋፍ ተንሸራተው ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቷል። መሬት ላይ መቀመጥ አይችሉም። ጎጆ ውስጥ ከአልጋ ላይ እንዳያስተምሩ ደግሞ ጭሱ ሳል አምጥቶባቸዋል።

«ተማሪው እየተበተነ ነው» አሉ እማሆይ። «ቅኔውን ሰምቶ የሚያስነግረው ካጣ ምን ይሁን? ዱላውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ወንድሜ ይህን ሲያይ እህል ተወ። ዳሌው አይገለውም፤ ጉባኤው ከተበተነ ግን አይከርምም። የኔ ልጅ፣ ከጓሮው አውጥታችሁ የምታስቀምጡበት ብልሃት አላችሁ አሉኝ።»

አያ ቢምረው በዚያ ሰሞን እግራቸው አብጦ ነበር። «አንተ ሂድ» አሉኝ። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታዬ እግሬን ቀደመው።

የየኔታ ጓሮ ያምራል። ጌሾ አለ፣ ጎመን አለ፣ ከጥግ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። ከጀርባው የድንጋይ ካብ ንፋሱን ይከልላል። አመዱንም በተንሁ፣ ውኃውንም አየሁ፣ የየኔታን እግር በሸምበቆ ለካሁ። ከዚያ ምን አደረግሁ? የጓድ አስናቀን ቀለበት ከወይራው ሥር አመጣሁት። የየኔታም የተማሪዎቹም መቀመጫ ባንድ ልክ፣ ባንድ ከፍታ። ሁሉም መደገፊያ አለው። መሐሉን ጭቃ እንዳይሆን በጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍሁት። የኔታ ተደግፈው ወጥተው ተቀመጡ፤ መደገፊያውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ» አሉኝ። እማሆይ አለቀሱ።

በማግስቱ የቀሩት ተማሪዎች መጡ። ክቡን ዙሪያውን ቆመው አዩት፤ የሚቀመጥ የለም።

«ተቀመጡ እንጂ» አልሁ።

ለምድ የለበሰ አንድ ረጅም ተማሪ፣ መርዕድ የሚሉት፣ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ነው እንዴ? አጀንዳው ምንድን ነው?» አለ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በለምዳቸው ሸፈኑ።

«የኔታም ፈቅደዋል» አልሁ።

«እሳቸው ቢፈቅዱ እኛ እንደፍራለን? ከየኔታ ጋር ትከሻ ለትከሻ?»

የኔታ ራሳቸው «ተቀመጡ ልጆቼ» ሲሉ እሺ ብለው ጫፍ ጫፉን ነካ አደረጉ፤ ወዲያው ተነሡ። በመጨረሻ ካነጠፍሁት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ድንጋዩ ይበርዳል። የኔታ ደግሞ ጆሯቸው ደክሟል። ድሮ መሬት ላይ፣ ከአንድ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ሲያስነግሩ ተማሪው ከጎናቸው ተጠግቶ በጆሯቸው ይነግራቸው ነበር። አሁን እሳቸው ከላይ፣ እሱ ከታች ርቆ። ተማሪው ጮኾ ይናገራል፤ ቅኔ ደግሞ አይጮኽም። ቢቆም ከመምህሩ በላይ ሆነ። ቢንበረከክ ጠፍጣፋው ድንጋይ ጉልበቱን ይበላዋል። የኔታ ወደ ታች ለመስማት ሲያጎነብሱ ዳሌያቸው ያዛቸው፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ።

«ድገመው ልጄ... አልሰማሁህም... ድገመው።»

እየቆየ ከተማሪዎቹ ደግሞ የተወሰኑት ሳይሰናበቱ ሄዱ። እማሆይ ቁጡ ናቸው፤ መጥተው ከመደቡ ፊት ቆሙ። «ወንድሜ ጎጆው ውስጥ ሳለ ይሰማቸው ነበር። አንተ መጥተህ አምሮ የተሠራ ባዶ ነገር ተከልህብን!» አሉኝ።  የየኔታን ልቀንስ ብል ዳሌያቸው አይችልም። ልጨምር ብል እግራቸው ይንጠለጠላል። እንዲያ የለፋሁበትን ሥራ እያየሁ መንገዴን ጀመርሁ። ሽቅብ እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ ዕቃዬ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

አያ ቢምረው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡም። «በቅሎ ፈልግልኝ» ብቻ አሉ። ያበጠ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወረዱ።

ሲደርሱ መደቡን አላዩም። ለየኔታ እጅ ነሥተው ጓሮውን ዞሩ። ከጌሾው አጠገብ፣ ሣር የሸፈነው አንድ ጎድጓዳ ቦታ አገኙ፤ በእጃቸው ሣሩን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ አፈሩ እንደ ገበታ ለስልሷል።

«የኔታ፣ ከመውደቅዎ በፊት እዚህ ነበር የሚያስነግሩት?»

«አዎን። እሱ የኔ ነው፤ ያ ከሱ ዝቅ ያለው የተማሪው ነው። ስንት ዘመን ተቀመጥንበት።»

እኔ ያን ቦታ ሁለቴ ረግጬው አልፌ ነበር።

ከዚያ አያ ቢምረው መርዕድን ጠሩት። የኔታን ከመደቡ ላይ አስቀምጠው «ቅኔህን ንገራቸው፤ እስኪሰሙህ ድረስ ቅረብ» አሉት። መርዕድ ተጠጋ፤ ጎንበስ ቀና አለ፤ በመጨረሻ ከየኔታ ቀኝ አጠገብ ቁና ገልብጠው ሰጡትና ተቀመጠበት። ያኔ የሱ አፍና የየኔታ ጆሮ ተገናኙ። አያ ቢምረው በዚያ ከፍታ ልክ ሸምበቆው ላይ ምልክት ሰነጠቁ። «በየኔታ እግር ለካህ፤ ደግ። የተማሪውን ግን በምን ለካኸው?» አሉኝ።

«በየኔታ እግር።»

«የተማሪ መቀመጫ በእግር አይለካም። አፉ ከመምህሩ ጆሮ በሚደርስበት፣ ራሱ ደግሞ ከመምህሩ ራስ በማያልፍበት ነው የሚለካው። ይህ ልጅ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አንድ ቃል አይወጣውም። ልቡ ካልተቀመጠ ወገቡ ቢደገፍ ምን ያደርግለታል?»

የተማሪዎቹን መደብ የላይኛውን ረድፍ አፈረስን። ከየኔታ አንድ ስንዝር ዝቅ አደረግነው፤ ቅርብ ለቅርብም ሳብነው። ያነጠፍሁትን ድንጋይ ነቅለን በጭድና በጭቃ ለወጥነው። ከየኔታ ቀኝ፣ ጤና አዳም ከተከልሁበት አጠገብ፣ ቅኔውን ለሚናገረው ተማሪ ብቻ አንዲት ድንጋይ ተከልን፤ የየኔታ ክንድ የሚያርፍበትን ሰፋ አደረግነው፣ ወደ ተማሪው ዘንበል ሲሉ ክንዳቸው እንጂ ዳሌያቸው እንዳይሸከም። በግራ በኩል አንዱን መቀመጫ ግን እንደ ነበር፣ ከየኔታ እኩል ተዉት። «ለእንግዳ» አሉ።

ጭቃው ከደረቀ በኋላ መርዕድ ከዚያች ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የኔታ ዘንበል አሉ። ልጁ በሹክሹክታ ጀመረ፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «በል እንጂ!» አሉ። እማሆይ ከበራፍ ቆመው ያዩ ነበር፤ ገብተው ለአያ ቢምረው እግር የሞቀ ውኃ ይዘው ወጡ። የሄዱት ተማሪዎች እየሰሙ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ሌሎችም ተጨመሩ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ተማሪው ሲበዛ ወሬው ወደ አውራጃው ወጣ። «በስማዳ አንድ ቄስ ሰው ይሰበስባሉ» ተባለ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ጓድ አስናቀ ለችግኝ ሥራ ወደ ወገዳ ሲወርዱ «እግረ መንገድህን እይና ካስፈለገ ዝጋው» ተብለው ነበር። እኔ ችግኙን ይዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መኪናው ይዘላል፤ የኔ ልብ ከመኪናው ይብሳል። ምን ያያሉ? ለራሳቸው «ሁሉም እኩል» ያሉት ሰው፣ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ መቀመጫ። የሠራሁትም እኔ።

ከጓሮው ስንገባ ተማሪዎቹ ተነሡ። አብሮን የመጣው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ይኸውልዎ፣ ራስዎ ይዩት» አለ። እማሆይ ፊታቸው አመድ መስሎ ከግራው መቀመጫ ላይ አጎዛ አነጠፉ። «ይቀመጡ፣ የእንግዳ ነው» አሉ። ጓድ አስናቀ መቀመጫውን አዩት፤ ከየኔታ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ዝቅ ያሉትን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

የኔታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ማነው የመጣው? ድምፅህን አልሰማሁም። ቅረበኝ ልጄ።»

ጓድ አስናቀ የተነጠፈላቸውን አጎዛ አለፉት። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና በስተቀኝ ዞሩ፤ ከዚያች ድንጋይ ላይ፣ ከየኔታ በታች፣ ቁጭ አሉ። ማንም አላሳያቸውም። እግራቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ፣ ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ ያውቁ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?»

ጓድ አስናቀ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው የአባታቸውን ስም ተናገሩ። ከዚያ በፊት እኛ ሰምተነው የማናውቀው ማዕረግ ከፊቱ ነበረው፤ መሪጌታ።

«እንግዲያው ይህችን ድንጋይ ታውቃታለህ» አሉ የኔታ፣ ፈገግ ብለው።

«አውቃታለሁ፣ የኔታ።»

መርዕድ ቅኔውን እንዲናገር ተደረገ፤ ጓድ አስናቀ ቦታውን ለቀውለት ከተማሪዎቹ መደብ ጫፍ ሆነው ሰሙ። ሲነሡ ሊቀመንበሩን «ትምህርት ነው፤ ስብሰባ አይደለም። እንዲህ ብለህ ጻፍ» አሉት። ሰውየው አጉረመረመ፤ ግን ጻፈ።

 ስንመለስ ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ጓድ አስናቀ ከፊት ሆነው ጠሩኝ።

«ስንሻው።»

«አቤት።»

«እናቴ ለፋሲካ ትመጣለች። ከእኔ ጓሮ ከክቡ ውስጥ አንዱን ከፍ አድርግልኝ።»

«በማን እግር ልለካው?»

ሳቁ። «ስትመጣ ትለካታለህ» አሉ።

የኔታ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አስተምረው፣ ጉባኤያቸው ሳይበተን፣ ከዚያው ጓሮ አረፉ። ዛሬ በዚያ ጓሮ የሚያስተምረው መርዕድ ነው። ሥራ ካቆምሁ በኋላ ሄጄ ጠይቄው ነበር። እሱም ሸብቷል። ከየኔታ መደብ ላይ ሳይሆን ከግራው፣ ከእንግዳው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስነግረው፤ ተማሪው በስተግራው ይጠጋልና በግራ ጆሮው መስማት ለምዷል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ጤና አዳሙ እስከ አሁን አለ።

ከዚያ ተመልሼ በኔ ጓሮ ከካቡ ሥር፣ ሣሩን በረገጥሁት ቦታ፣ የራሴን መደብ ሠራሁ፤ የመጨረሻዬ እሱ ነው። ከጎኑም አንዲት ዝቅ ያለች ድንጋይ ተከልሁ። የልጄ የላስቲክ ወንበር እንዳይከፋው ከዚያው አጠገብ አለ፤ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ልጄ ስትመጣ ግን እሱ ላይ አትቀመጥም። ማንም ሳይነግራት ከዝቅተኛዋ ላይ ቁጭ ትልና ጠጋ ብላ «እሺ አባባ፣ ምን አለ?» ትለኛለች። እኔም ጆሮዬ ደክሟልና ዘንበል እላለሁ።